ዋጋዋን ሳይሆን ዕድሜዋን ጠይቁ፦ በሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የድመት ግልገሎች ገበያ

ስልካችሁን ከፍታችሁ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ትንሽ ወደታች ብትወርዱ ታገኙታላችሁ። ካርቶን ውስጥ የተደራረቡ ሦስት አራት የድመት ግልገሎች፣ ከሥር ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ የሰፈር ስም፦ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ። አንዱ በነጻ ይሰጣል፣ አንዱ ይሸጣል። ዓይናቸው ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ያ በኩራት ይጻፋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ድመት በዝቶበታል፣ ሌላው ድመት ይፈልጋል፣ በስልክ ተገናኙ፣ አለቀ። ግን በመሃል የጠፋ ነገር አለ። በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ሐኪም የለም፣ ክትባት የለም፣ የዕድሜ ጥያቄ የለም። ዛሬ ይህን ክፍተት እናያለን። ክፍተቱ ድመቷን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ድመቷን የሚያቅፈውን ሕጻንም ይነካል።

■ ድመቷ ለምን ቤት አጣች?

ድሮ ድመት ገበያ አልነበራትም። የጎረቤት ድመት ስትወልድ አንዷ ትሰጣችኋለች፣ «ውሮ» ብላችሁ ትጠሯታላችሁ፣ በቃ። ሥራዋም የታወቀ ነው፤ አይጥ መያዝ። ወፍጮ ቤት፣ እህል መጋዘን፣ የወተት ላሞች ያሉበት ግቢ፣ ሁሉም ድመት ይፈልግ ነበር። የሰው ልጅና ድመት መጀመሪያ የተዋወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እህል ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበት ድመት ትመጣለች።

አሁን ከተሞቹ ተቀይረዋል። የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን በአንድ አጠቃሎ ሸገር ከተማን ሲመሠርት እነዚህ ከተሞች የአዲስ አበባ ዳርቻ ከመሆን አልፈው የአንድ ትልቅ ከተማ ክፍሎች ሆኑ። የእርሻ መሬቱ ግቢ፣ ግቢው ደግሞ የኪራይ ክፍሎች ሆነ። አዲስ አበባ ኪራይ ያስመረረው ሰው ወደዚህ ይወጣል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ።

ተከራይ ሰው ድመት ማሳደግ ምን ያህል እንደሚከብደው የተከራየ ያውቀዋል። አከራይ ስንት ልጅ እንዳለህ ይጠይቃል፣ እንግዳ ታበዛለህ ወይ ይላል፣ ውሃ አታባክን ይላል። ድመት ስትጨመርማ! ኪራይ ሲጨምር ሰውየው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ድመቷ ግቢው ውስጥ ትቀራለች። አዲስ የሚገባው ተከራይ ደግሞ አላመጣትም፣ አይመግባትም።

ከዚህ የባሰም አለ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ የብዙ ሰው ቤት ፈርሷል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በጉዳዩ ላይ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ድመት የመጨረሻ ጉዳይ ናት፤ ይህ ማንም የሚረዳው ነው። ልጅና ፍራሽ ይዞ ሜዳ ላይ የቀረን ሰው «ድመትህስ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግን ውጤቱን እንይ። ውሻ ሰውን ተከትሎ ይሄዳል። ድመት ግን የምታውቀው ቦታውን ነው፤ ጥጓን፣ አጥሯን፣ የምትዞርበትን ጣሪያ። ቤቱ ከሌለ እዚያው ፍርስራሹ አካባቢ ትዞራለች። እዚያው ትወልዳለች።

የሚወለዱት ደግሞ በብርድ ነው። በተለይ ሱሉልታ። የድመት ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሷን የሰውነት ሙቀት መጠበቅ አትችልም፤ ሙቀቷ እናቷ ናት። እናቷ በመኪና ከተገጨች፣ ወይም የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ በልታ ከሞተች፣ ግልገሎቹ ሌሊቱን ላያልፉ ይችላሉ።

■ የሰማያዊ ዓይን ምስጢር

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። ዓይኗ ሰማያዊ ስለሆነ ዋጋዋ ከፍ ያለች ግልገል።

እውነቱ ይኸውላችሁ፦ የድመት ግልገሎች ሁሉ ማለት ይቻላል ዓይናቸውን ሲከፍቱ ሰማያዊ ነው። ትክክለኛው ቀለም፣ ቢጫው ወይም አረንጓዴው፣ መምጣት የሚጀምረው ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ ነው። ሲያሜዝ የሚባለውን ዝርያና አንዳንድ ነጫጭ ድመቶችን ትታችሁ፣ ሰማያዊ ዓይን ያላት ግልገል ስታዩ ማሰብ ያለባችሁ «ይህች ገና ከእናቷ መለየት የለባትም» ብላችሁ ነው። ማስታወቂያው ውበት ብሎ የሚሸጥላችሁ ነገር ጨቅላነቷን ነው።

ለምን ያሳስባል? ግልገል ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቷ ጋር መቆየት አለባት። ከእናቷ ወተት በሽታ የሚከላከል ነገር ታገኛለች። ከወንድም እህቶቿ ጋር ስትላፋ ደግሞ ንክሻዋን መለካት ትማራለች፤ አጥብቃ ስትነክስ ጨዋታው ይቋረጥባታል። ያለጊዜዋ የተለየች ድመት ይህን ሳትማር ታድጋለች። ከዚያ ልጃችሁን ስትቧጭርና ስትነክስ «ክፉ ድመት ናት» ተብላ እንደገና ትጣላለች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» እንላለን፤ ግን አመሉ የሚያዘው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

የሻጩም ጥድፊያ ይገባናል። ግልገሎቹ ከስድስት ሳምንት በኋላ ብዙ መብላት ይጀምራሉ፣ ግቢው ውስጥ ይሮጣሉ፣ አከራይ ያያቸዋል። በአራት ሳምንታቸው ቢሄዱለት ለእሱ ይቀላል። ለእናንተ ግን ይከብዳል። የአራት ሳምንት ግልገል ይዛችሁ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰጧት የላም ወተት ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆዷን ያስቀምጣታል። ትንሽ ግልገል ሁለት ቀን ከተቅማጠች አለቀላት።

ሌላው የዚህ ገበያ ጨዋታ የዝርያ ስም ነው። «ፐርሺያን»፣ «ሲያሜዝ» ሲባል ዋጋው ይሰቀላል፣ ፎቶው ግን ከኢንተርኔት የወረደ ሊሆን ይችላል። ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር ላኩ ከተባላችሁ አቁሙ። ፎቶውን ጉግል ላይ ፈልጉት፤ ያው ፎቶ ሌላ አገር ገጽ ላይ ከተገኘ መልሱን አግኝታችኋል። ድመቷን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አይወጣም።

በነገራችን ላይ በዓለም ታዋቂ የሆነ «አቢሲኒያን» የሚባል የድመት ዝርያ አለ። ስሙ የእኛ ነው። እንግሊዞች ከ1868 (እ.ኤ.አ.) የመቅደላ ዘመቻ ሲመለሱ ዙላ የምትባል ድመት ይዘው ሄዱ ይባላል፤ ስሙም ከዚያ ጋር ይያያዛል። የዘረመል ጥናቶች ግን የዝርያውን ምንጭ የሚያመለክቱት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ስለዚህ «ንጹህ አቢሲኒያን፣ የአገራችን ዝርያ» ብሎ ዋጋ የሚቆልልባችሁ ሰው ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ግቢያችሁ ውስጥ ያለችው ግራጫ ድመት ከማንም አታንስም፤ ብርዱንም ሰፈሩንም ለምዳዋለች።

አንድ ከበድ ያለ ነገርም አለ። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ በሕገወጥ መንገድ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይወጣሉ፤ ለዚህ ንግድ ማኅበራዊ ሚዲያም ገበያ ሆኗል። ከቡራዩ አልፎ በሆለታ መስመር የሚገኘው «እንስሳ ኮቴ» የተባለው የቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ ማዕከል እንዲህ ካለው ሕይወት የተረፉ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ያኖራል። ነጠብጣብ ያላት «ልዩ ድመት» ስትቀርብላችሁ ፖስቱን ላይክ አታድርጉ። ያ ንግድ ሳይሆን ወንጀል ነው።

■ ሒሳቡን እንሥራው

ለምንድነው ግልገሎቹ የማያልቁት? መልሱ ሒሳብ ነው።

ሴት ድመት ከአራት እስከ ስድስት ወር ሲሞላት ማርገዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ በአማካይ አራት ትወልዳለች፣ እያጠባች እያለች እንኳ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። የድመት የመራቢያ ወቅት የሚወሰነው በቀን ብርሃን ርዝመት ነው። አውሮፓ ክረምቱ ሲጨልም ድመቶች ያርፋሉ። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ቀናችን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ የእኛ ድመት እረፍት የላትም።

በዓመት ሦስት ጊዜ ብትወልድ 12 ግልገል። ከእነሱ ግማሹ ሴት ቢሆኑ ዓመት ሳይሞላቸው እነሱም ይወልዳሉ። አሁን አስቡት፤ አንድ ግቢ በዓመት ለ12 ግልገል ቤት መፈለግ ይችላል? አይችልም። ለዚህ ነው ማዳበሪያ ውስጥ አስገብቶ ወንዝ ማዶ፣ ገበያ ዳር ወይም ሥጋ ቤት አካባቢ መጣል የተለመደው። ጨካኝ ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላላየን ነው።

መንገዱ ግን አለ፤ ማምከን። ወንዱን ማኮላሸት፣ ሴቷን በቀዶ ሕክምና እንዳትወልድ ማድረግ። ለበሬና ለበግ ማኮላሸት ስንሠራው የኖርነው ነገር ነው፤ ለድመት ሲሆን ግን ቅንጦት ይመስለናል። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒኮችም በዋናነት የተቋቋሙት ለከብት፣ ለበግና ለጋማ ከብት ነው። ድመት ይዞ የሚመጣን ሰው ወረፋው ላይ ያሉት ይስቁበታል። እየሳቁ ያሉት ግን በሚቀጥለው ዓመት ግቢያቸው ውስጥ በሚጮኹት ግልገሎች ላይ ነው።

■ የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ አሳስቶናል

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል።

በአማርኛ «የእብድ ውሻ በሽታ» ስለምንለው የውሻ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ድመትም ይይዛታል፣ ከያዛትም በንክሻ ለሰው ታስተላልፋለች። እርግጥ ነው አብዛኛው ሰው የሚያዘው ከውሻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 99 በመቶ ይላል። ግን ግቢ ውስጥ የምትዞር፣ ከጎዳና ውሻ ጋር የምትናከስና ያልተከተበች ድመት ከዚሁ ሰንሰለት ውጭ አይደለችም። ውሻ ሲነክስ ሁሉም ይደነግጣል። ድመት ስትነክስ «ትንሽ ነገር ናት» ይባላል። አደጋው እዚህ ጋ ነው።

በሽታው በዓለም ዙሪያ በዓመት 59,000 ገደማ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሚነከሱት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ ክፉኛ ከሚጠቁት አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይጀምር ግን ክትባቱ ያድናል።

ስለዚህ ይህን ስክሪንሾት አድርጉት፦

• ድመትም ሆነ ውሻ ከነከሰ ወይም በጥርሱ ከጫረ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ።
• በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «ትናንሽ ጥርስ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ።
• እንስሳዋ ከተገኘች አትግደሏት፤ ዘግታችሁ ለ10 ቀን ተከታተሏት። በነዚህ ቀናት ጤነኛ ከሆነች ትልቅ መረጃ ነው። ሕክምናውን ግን እሷን እያያችሁ አታዘግዩ።
• ድመታችሁ ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቧት፣ በዓመቱ ይደገም።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው ሰበታ ነው። የእንስሳት በሽታ ምርመራ ማዕከል እዚያው ከተማ ውስጥ ቆሞ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ያለ ግቢ ውስጥ ግን ድመት እንደምትከተብ የማያውቅ ሰው አለ። እውቀቱ ከተማው ውስጥ አለ፤ ከግቢው በር ጋር አልተገናኘም።

ነፍሰ ጡሮችም ብዙ ጊዜ ስለ ድመት ያስፈራራሉ። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በሽታ እውነት ነው፤ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ጽንስንም ሊጎዳ ይችላል። ግን ድመቷን ከቤት ማባረር መፍትሔ አይደለም። ዓይነ ምድሩ አደገኛ የሚሆነው ከወጣ ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ አሸዋውን በየቀኑ መቀየር፣ ያንንም ሌላ ሰው ቢሠራው ይበቃል። ደግሞ ያው በሽታ በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋል። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ያለ ክትፎ እየበሉ ድመቷን ብቻ መክሰስ ትክክል አይደለም።

■ የእንስሳት ሱቅ ቢከፈትስ?

«መፍትሔው እንደ ውጭ አገር ደንበኛ የእንስሳት ሱቅ መክፈት ነው» የሚሉ አሉ። ሱቁ ባለበት አገር ምን እየሆነ እንደሆነ እንይ።

እንግሊዝ ከሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከስድስት ወር በታች ያሉ ውሾችና ድመቶችን በሱቅና በደላላ መሸጥ ከልክላለች። የሚፈልግ ሰው በቀጥታ ካረባው ሰው ዘንድ ሄዶ፣ ግልገሏን ከእናቷ ጋር አይቶ ይወስዳል፤ ወይም ከማዳኛ ማዕከል ይቀበላል። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ ሱቆች ውሻና ድመት የሚያቀርቡት ከማዳኛ ማዕከላት ብቻ እንዲሆን አድርጋለች። ፈረንሳይ ከጥር 2024 ጀምሮ ውሻና ድመት በሱቅ እንዳይሸጥ ዘግታለች። ምክንያታቸው ተመሳሳይ ነው፦ መስኮት ላይ የተቀመጠች ግልገል ሰውን በስሜት ታስገዛዋለች፣ ከጀርባዋ ያለችውን እናት ደግሞ ማንም አያያትም።

እነሱ ሱቁን እየዘጉ ነው። እኛ ገና ሱቁ ላይ አልደረስንም። ይህ ለእኛ ዕድል ነው። እነሱ የሚያፈርሱትን ከመገንባት፣ ያለንን ማስተካከል ይቀላል። ያለን ምንድነው? ጎረቤት ለጎረቤት የመስጠት ልማድ። እሱን ስልክ አስፍቶታል፤ የጎደለው ክትባቱና ዕድሜው ነው። ሐኪም የሌለው ሱቅ በር ያለው የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ሌላ ልዩነት የለውም።

ሕግስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ ጭካኔ መፈጸምን በደንብ መተላለፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ግን ሕጉ የሚደርሰው ከጭካኔው በኋላ ነው። ማዳበሪያው ከመታሰሩ በፊት የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

■ ታዲያ ምን እናድርግ?

ለምትሰጡ ሰዎች፦ ስምንት ሳምንት ጠብቁ። ፖስቱ ላይ የተወለዱበትን ቀን ጻፉ። እናቲቱን በፎቶው ውስጥ አሳዩ። ከሁሉም በላይ እናቲቱን አስመክኗት፤ አለበለዚያ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ፖስት ትደግሙታላችሁ። መክፈል ከከበደ ጎረቤት ተሰብስቦ ያዋጣ። ለዕድር የምናዋጣ ሕዝብ ለአንድ ግቢ ድመት ማዋጣት አያቅተንም።

ለምትወስዱ ሰዎች፦ ከዋጋው በፊት አራት ነገር ጠይቁ። መቼ ተወለደች? እናቷ የት ናት? በራሷ ትበላለች? ተከትባለች? በአካል ሂዳችሁ እዩ። ደህና የበላች የስምንት ሳምንት ግልገል ከ800 እስከ 900 ግራም ትመዝናለች፤ የባለ ሱቅ ሚዛን ይበቃል። ዓይኗን እዩ። ከሁሉም በፊት ግን አከራያችሁን ጠይቁ፤ ድመቷን ካመጣችሁ በኋላ ሳይሆን ከማምጣታችሁ በፊት።

ቤት ለምትለቁ ሰዎች፦ ከመሄዳችሁ ከአንድ ቀን በፊት ድመቷን አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉ፤ የጭነቱ ጫጫታ ሲጀምር ትጠፋለችና። በካርቶን ቀዳዳ ሠርታችሁ ውሰዷት። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከቤት አታስወጧት፤ ጠረኑን ትልመደው። ያን ጊዜ ይህ ቤቴ ነው ትላለች።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አስተዳደሮችም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ክሊኒኩን ለውሻና ለድመት ብቻ መክፈት። ክትባት፣ ማምከን፣ የተከተበችበትን ቀን የያዘች አንዲት ካርድ። የካርዷ ዋጋ ወረቀት ነው፤ ግን ገበያውን ትቀይረዋለች። ምክንያቱም ያን ጊዜ ፖስት ስታዩ ስለ ዓይን ቀለም ሳይሆን ስለ ካርድ ትጠይቃላችሁ። ካርድ የሌላት ድመት ገዢ ስታጣ ሻጩ ራሱ ክሊኒክ ይሄዳል።

ዓለም በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የሰው ሞት እስከ 2030 ዜሮ ለማድረግ ግብ ይዟል። የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ያ ግብ የሚሳካው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እንደ ሰበታ ባሉ የኪራይ ግቢዎች፣ አንድ ሰው «ይህች ግልገል ስንት ሳምንቷ ነው?» ብሎ ሲጠይቅም ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ያ ካርቶን ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ልባችሁ ቢቀልጥ ምንም አይደለም። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን የባለቤቱን ኢንቦክስ ክፈቱና ዕድሜያቸውን ጠይቁ። አምስት ሳምንት ካለ ሦስት ሳምንት እንዲጠብቅ ለምኑት፤ ከቻላችሁ ምግባቸውን አግዙት።